ለቤት የማትሰጥ ጠብታ

በዓይን ክፍል የቴትራኬይን ማደንዘዣ ጠብታን ያህል ቶሎ ምስጋና የሚያስገኝ መድኃኒት የለም። ከብየዳ ወይም ከግራይንደር ላይ የብረት ፍንጣሪ ዓይኑ የገባበት ወጣት እንባው እየወረደ፣ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ይመጣል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጌ አንድ ጠብ ሳደርግለት መጀመሪያ ያቃጥለዋል፤ አስቀድሜ ስለምነግረው ግን አይደነግጥም። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ትከሻው ይረግባል። «ሲስተር፣ ዳንኩ እኮ!» ይላል። ብረቱ ግን ገና አልተነቀለም።

ኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) የሕመም ነርቭ እጅግ ከበዛባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ካርል ኮለር በ1884 እ.ኤ.አ. ዓይን በኮኬይን ጠብታ እንደሚደነዝዝ ካሳየ ወዲህ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እያለ ዓይኑን ያለ ሕመም ማከም ተቻለ። እኛም የዚያ ግኝት ተጠቃሚዎች ነን።

ጠብታዋ የምትሰጠን ጊዜ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። አገጩንና ግንባሩን ስሊት ላምፑ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፑ) ላይ አስደግፌ፣ በደህናው ዓይኑ አንድ ነገር ላይ እንዲያተኩር እነግረዋለሁ። መርፌዋን ፊት ለፊት አልሰድም፤ ከጎን አስጠግቼ፣ ስለቷን ወደ ላይ አድርጌ ፍንጣሪውን ከሥሩ ፈንቀል አደርገዋለሁ። የደነዘዘ ዓይን አያምም እንጂ ይፈራል፤ የመርፌዋን ጥላ ሲያይ ይሸሻል። ስለዚህ እጄ ሲሠራ አፌም አያርፍም።

ክርክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ማታ ይቆረቁርሃል» ስለው «እንግዲያው ያቺን ጠብታ ስጪኝ» ይላል። «አይሆንም ወንድሜ።» ማደንዘዣው ሲደጋገም ቁስሉን የሚሸፍኑትን አዳዲስ ሕዋሳት ያዘገያል። የደነዘዘ ዓይን አቧራ ቢገባበትም አያውቅም፤ ባለቤቱም ሳይሰማው ያሸዋል። እንዲህ ሲሰነብት ኮርኒያው ሊቆስል፣ ብሎም ሊበሳ ይችላል።

የማሰናብተው በፀረ ባክቴሪያ ቅባት፣ በሚዋጥ ማስታገሻና በነገ ቀጠሮ ነው። በማግስቱም መጀመሪያ የምጠይቀው ሕመሙን ነው። ቀለል ካለው ቁስሉ እየተሸፈነ ነው። ከባሰበት ደግሞ ወይ የቀረ ብረት አለ፣ ወይ ቁስሉ እያመረቀዘ ነው። ጠብታዋን ይዞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ሁኔታ «ደህና ነኝ» ብሎ ይመልስልኝ ነበር።