ወረቀቱ ሲቀደድ፤ የአሮጌ ጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ስለመተካት

ባለፈው የሰርግ ወቅት እዚሁ ናይሮቢ በተደገሰ አንድ ሰርግ ላይ፣ ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ መድረኩ አሻግረው እየተመለከቱ፣ «ይሄ ጊታር ዛሬ ምን ነካው? ድምፁ ወፍሮ ልቡ የጠፋበት መሰለኝ» አሉ። ጊታሪስቱ የቆየ ወዳጄ ነው። ጣቶቹ ያው ናቸው፤ ጊታሩም ያው ነው፤ አምፕሊፋየሩም ከአሜሪካ ወንድሙ የላከለት የ1966 ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የአሮጌው ስፒከር ወረቀት ተቀዶ፣ በቦታው ሌላ ስፒከር ገብቷል። ሽማግሌው ስለ ስፒከር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ጆሯቸው ግን ገና ከመጀመሪያው ዘፈን ደርሶበታል።

በሙዚቃ ሂሳችን ውስጥ ስለ ዘፋኝ ድምፅ፣ ስለ ግጥምና ስለ ዜማ ብዙ ይባላል። የኤሌክትሪክ ጊታር የመጨረሻ ቃሉን ስለሚናገርበት ወረቀት ግን የሚያነሣ ብዙም አላጋጠመኝም። ነገሩ የጠጋኝ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ይህ ጉዳይ የሥነ ጥበብ ፍርድ የሚጠይቅ ነው እላለሁ። በአሮጌ አምፕሊፋየር ላይ አዲስ ስፒከር የሚገጥም ሰው መሣሪያው ከእንግዲህ በምን ድምፅ እንደሚናገር እየወሰነ ነው። ውሳኔው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለት የተሳሳቱ መለኪያዎች ይሰጣል፤ አንደኛው ዋት ነው፣ ሁለተኛው «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስም አምፕሊፋየሩንም ስፒከሩንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ ሁለቱን በሙዚቀኞቹ አጠራር ለይቼ እጠራለሁ። ስፒከር በመሠረቱ ቀላል ነገር ነው። ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የምትመላለስ የቀጭን ሽቦ ጥቅል አለች፤ ከጥቅሏ ጋር የተጣበቀ፣ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ያለ ወረቀት አለ። ኤሌክትሪኩ ጥቅሏን ሲያንቀሳቅስ ወረቀቱ አየሩን ይመታል። በማሲንቆ ላይ የተወጠረው ቆዳ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ቆዳውን የቀየረ አዝማሪ የማሲንቆው ድምፅ እንደተለወጠ ነጋሪ አያስፈልገውም። ወረቀትም እንደ ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ ሞምባሳ የኖረ ስፒከርና ናይሮቢ የኖረ ስፒከር እኩል አያረጁም።

የጊታር ስፒከር ከቤት ሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር የሚለየው ግን በሌላ ነገር ነው። የተሰጠውን ድምፅ ሁሉ በታማኝነት እንዲያወጣ አይጠበቅበትም። ከ5 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ይህ ጉድለቱ ነው ጥቅሙ። ባለቫልቭ አምፕሊፋየር ሲጨነቅ የሚፈጥረው ሸካራ ድምፅ በወረቀቱ ተጣርቶ ይለዝባል። ያንኑ ድምፅ ለስብከትና ለአዳራሽ ንግግር በተሠራ፣ ቀጭኑን ሁሉ በሚያወጣ ስፒከር ቢያሰሙት የተነካ የንብ ቀፎ ይመስላል። በገናን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በበገናው ክሮች ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራ የሚባሉት፣ ድምፁን ያስነዝሩታል። ለእንግዳ ጆሮ ንዝረቱ ብልሽት ይመስለዋል። እንዚራው ቢወጣ ግን የሚቀረው ድምፅ፣ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ የበገና ድምፅ አይሆንም።

ወዳጄ ስፒከሩ በተቀደደበት ሰሞን የመጀመሪያውን ምክር ያገኘው ከአንድ ዕቃ ሻጭ ነበር። «200 ዋት የሚችል ውሰድ፤ ዕድሜ ልክህን አይቃጠልብህም» አለው። ሰርጉ ላይ የሰማነውም እሱኑ ነበር። ስህተቱ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። በስፒከር ጀርባ ላይ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከም እንጂ ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጥ አይናገርም። ዴሉክስ ሪቨርብ የሚያወጣው 22 ዋት ገደማ ነው። 200 ዋት እንዲሸከም የተሠራ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ያለ ወረቀትና ከበድ ያለ የሽቦ ጥቅል አለው። በ22 ዋት ጮክ ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ከቶ አይጨነቅም። በአሮጌው ስፒከር ላይ ጊታሪስቱ ጠንከር አድርጎ ሲመታ ወረቀቱ ትንሽ እጅ ይሰጥ ነበር፤ ድምፁ የሚቃትተውም ያኔ ነበር። ሽማግሌው «ልቡ ጠፋ» ያሉት ይህን ይመስለኛል። እንዚራው ወጥቶበታል።

ድምፅን የሚወስነው ሌላው ቁጥር የስፒከሩ ምላሽ ነው፤ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰማው በዴሲቤል የሚለካው ማለት ነው። የ3 ዴሲቤል ብልጫ የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ እንደማድረግ ይቆጠራል። በ97 እና በ100 ዴሲቤል መካከል ያለው ልዩነት 22 ዋቱን 44 የማድረግ ያህል ነው። ሻጮች ስለዚህ ቁጥር ሲናገሩ ብዙም አይሰማም።

ሁለተኛው ምክር በስልክ ከአሜሪካ የመጣ ነበር፤ «ኦርጅናሉን ፈልገህ አስገባ፤ ሌላው ሁሉ ማበላሸት ነው» የሚል። ይህ ምክር ከመጀመሪያው ይልቅ ክብር ያለው ስለሚመስል ዘርዘር ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። የተቀደደውን ስፒከር ገልብጠን ስናይ በብረቱ ላይ 465643 የሚል ቁጥር ታትሟል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ መለያ ነበራቸው፤ 465 ኦክስፎርድ የተባለው ስፒከር ሠሪ ነው፣ 6 የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው፣ 43 ደግሞ የዓመቱ 43ኛ ሳምንት ነው። 220 ቢል ኖሮ ጄንሰን፣ 328 ቢል ዩታ፣ 137 ቢል ሲቲኤስ ይሆን ነበር። ፌንደር በእነዚያ ዓመታት ከእነዚህ ሁሉ ይገዛ ነበር። አንድ ዓይነት አምፕሊፋየር፣ አንድ ዓይነት ሣጥን፣ ውስጡ ግን በዋጋና በአቅርቦት የተወሰነ የተለያየ ስፒከር ማለት ነው። እንግዲህ «ኦርጅናል» የምንለው የትኛው ነው? ጆሮ ያለው ሠሪ አስቦ የመረጠው ነው ወይስ በጥቅምት 1966 በመጋዘኑ የተገኘው? ሁለተኛው ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

እርግጥ ነው፣ በአጋጣሚ የመጣ ነገርም ሲኖሩበት ልማድ ይሆናል፤ ልማዱም ውበት ይሆናል። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ጊታር በሸክላ የሚቀዳው በአብዛኛው ከስፒከሩ ፊት ማይክራፎን እየተቀመጠ ስለነበር፣ በጆሯችን የቀረው የጊታር ድምፅ የጣትና የእንጨት ብቻ ሳይሆን የወረቀትም ድምፅ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ለትዝታ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ጊዜ ጊታሩን ለይቶ ቢሰማ ይህን ያስተውላል። ስለዚህ ኦርጅናል ፈላጊዎቹን አላፌዝባቸውም። የምቃወማቸው ስሙን ከድምፁ ሲያስቀድሙ ነው።

በዚሁ ስም አምልኮ ውስጥ የማግኔት ነገርም አለ። አልኒኮ የሚባለው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የሚሠራ ማግኔት «ነፍስ አለው» ይባልለታል፤ ዋጋውም እንደ ነፍስ ነው። ኮባልቱ ያኔ በብዛት የሚመጣው ከዛየር (ዛሬ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ነበር። በ1977 እና በ1978 የሻባ ግዛት በጦርነት ሲታመስ፣ በተለይም ኮልዌዚ ከተያዘች በኋላ፣ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ብዙ ስፒከር ሠሪዎችም ወደ ርካሹ የሴራሚክ ማግኔት ዞሩ። ከዚህ በመነሣት አሮጌ ማለት አልኒኮ፣ አዲስ ማለት ሴራሚክ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። የወዳጄ ኦክስፎርድ ግን ከጦርነቱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ የተሠራ ሆኖ ሳለ ሴራሚክ ነው። በጄንሰን አሮጌ ስፒከሮችም ላይ ፒ ብሎ የሚጀምረው አልኒኮ፣ ሲ ብሎ የሚጀምረው ሴራሚክ ነው። ለዚህ አምፕሊፋየር «እንደ ጥንቱ እንዲሆን» ብሎ በአልኒኮ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ያልነበረ ጥንት እየገዛ ነው።

ወደ ፍርዱ ልምጣ። ከሰርጉ በኋላ ባለ 200 ዋቱ ወጣና በወዳጄ ቤት ሦስት ስፒከሮችን ለሁለት ምሽት አዳመጥን። አንደኛው ራሱ ኦክስፎርዱ ነበር። ቅዳዱ ትንሽ ስለነበር በሉቱሊ ጎዳና አካባቢ የሚሠራ ጠጋኝ በስስ ወረቀትና በውኃ በቀጠነ ነጭ ሙጫ ለጥፎታል። ጠጋኙ መጀመሪያ «ወረቀቱን ከነጥቅሉ ልቀይርልህ» ብሎት ነበር፤ እንኳን እንቢ አለ። እንዲያ የታደሰ ስፒከር ብረቱና ማግኔቱ ብቻ አሮጌ ሆኖ የሚናገረው አዲስ ሰው ነው። ሁለተኛው በጄንሰን ስም በጣሊያን አገር የሚሠራው ሲ12ኤን፣ 50 ዋት የሚሸከም። ሦስተኛው የእንግሊዙ ሰለስሽን ጂ12ኤም፣ «ግሪንባክ» የሚባለው፣ 25 ዋት። ሦስቱም 8 ኦም ናቸው፤ አምፕሊፋየሩ የሚጠይቀው እሱን ነው። በመቀያየሩ መካከል አምፕሊፋየሩን በየጊዜው እናጠፋ ነበር፤ ባለቫልቭ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ከተከፈተ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ሌላም ጥንቃቄ አደረግን። ከሁለት ድምፅ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ የሦስቱን ድምፅ በጆሮ አስተካክለን ነው ያነጻጸርነው።

ወዳጄ በየስፒከሩ መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ ችክችካ ተጫወተ። በኦክስፎርዱ ትዝታው ልብ ይነካል። ኖታው ተመትቶ ሲጠፋ ጠርዙ ይሻክርና ይሟሟል፤ ትንፋሽ ያለው ነው የሚመስለው። ችክችካው ላይ ግን፣ ድምፁ ከግማሽ በላይ ሲነሣ፣ የታችኞቹ ክሮች ተቀላቅለው ጭቃ ሆኑ። በስድስት ምት የሚሮጥ ዘፈን ውስጥ ምቶቹ ካልተለያዩ ጨዋታው ይጠፋል። ጄንሰኑ የዚህ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ ምት እንደ ክራር ነጥሮ ይወጣል። ቀጭኑ ክር ላይ ግን ይወጋል፤ አዲስ ወረቀት ስለሆነ ለወራት ሲጫወቱበት ይለሰልሳል የሚል ተስፋ አለ እንጂ በዚያ ምሽት ይወጋ ነበር። ግሪንባኩ መሐለኛውን ድምፅ ገፋ አድርጎ ያመጣል። ጊታሩ ይዘፍናል። ለሶሎ እንደ እሱ ያለ አልሰማሁም።

ግን እዚህ ላይ ነው ከወዳጄ ጋር የተለያየነው። ግሪንባኩ ገፍቶ የሚያመጣው መሐለኛ ድምፅ የሰው ድምፅም የሚኖርበት ስፍራ ነው። በእኛ ሙዚቃ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ከዘፋኙ ሥር ይሄዳል፤ በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ጄንሰኑ መሐሉን ሳሳ አድርጎ ስለሚተው ለዘፋኙ ወንበር ያስለቅቃል፤ ግሪንባኩ አብሮት ይቀመጣል። በተጨማሪም 22 ዋት የሚባል አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ሲዞር ከ22 በላይ ስለሚያወጣ፣ 25 ዋት ብቻ የሚሸከም ስፒከር ለሰርግ ሌሊት ያሰጋል። ከአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ ገደማ የሚሸከም ይበቃል የምለው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ደኅንነትን እንጂ ድምፅን አይጨምርም። እኔ ጄንሰኑን መረጥኩ።

«አንተ ከአዳራሹ መሐል ሆነህ ነው የምትሰማው፤ እኔ ከፊቱ ቆሜ ነው» አለኝ ወዳጄ፤ «ደግሞስ እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው አጃቢ ነኝ እንዴ?» ግሪንባኩን ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በመድረክ ሰምቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዘፋኟ በዘፈን መሐል ዘወር ብላ «ጊታሩን ቀንስልኝ» ስትለው በዓይኔ አይቻለሁ፤ የልብ ልብ ተሰምቶኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዘፋኟ ዕረፍት ላይ ሳለች ብቻውን ትዝታ ተጫወተ፤ ሹካና ማንኪያ የሚያንኳኳ ሰው እንኳ አልነበረም። በጄንሰኑ ይህ ይሆን ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄ፣ አይሆንም ነበር ብዬ መመለስ ግድ ሆነብኝ። ለባንድ ሥራ ዛሬም ምርጫዬ ጄንሰኑ ነው፤ ወዳጄ ግን የባንድ ሥራ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ይህን በምርጫዬ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

ኦክስፎርዱ አልተጣለም። ወዳጄ በአሮጌ የሬዲዮ ሣጥን ውስጥ ገጥሞ መኝታ ቤቱ አስቀምጦታል። ማታ ማታ አምፕሊፋየሩን ወደ እሱ አዙሮ፣ የድምፅ ማዞሪያውን ከ3 ሳያሳልፍ ለብቻው ይጫወትበታል። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቀው ሄጄ እጄን ወደ ማዞሪያው ብሰድ፣ «ኧረ በእናትህ፣ ሙጫው ገና አልደረቀም» ብሎ ያዘኝ። የተለጠፈው ከአራት ወር በፊት ነው።