ሙቀት ሁሉን ያሟሟል? በአንዲት የደብተር ዐረፍተ ነገር ላይ የቀረበ ሂስ

ከማዘጋጃ ቤት ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስትወርዱ ደከማችሁና አንዱ ሻይ ቤት ጎራ አላችሁ እንበል። አንዳችሁ ትኩስ ሻይ፣ ሌላችሁ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ አዘዛችሁ። እነዚህ ሁለት መጠጦች ዛሬ ለምንሄሰው ነገር ጥሩ ምስክሮች ናቸው። የምንሄሰው መጽሐፍ ወይም ፊልም አይደለም፤ በብዙ ተማሪ ደብተር ውስጥ የምትገኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ይዘቷ ይህን ይመስላል፦ ሙቀት፣ ማማሰልና መፍጨት የመሟሟት አቅምን ይጨምራሉ።

አጭር ናት፤ ለመሸምደድም ትመቻለች። ግን ከዘረዘረቻቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ ስህተት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው።

ከእውነቱ እንጀምር። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 200 ግራም ገደማ ስኳር ያሟሟል። በ90 ዲግሪ ግን ከ400 ግራም በላይ ይችላል። እስቲ አሁን ስኳሩን በጨው ተኩት። ያው 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 36 ግራም ጨው ያሟሟል፤ እስከ 100 ዲግሪ ብታሞቁት ደግሞ 39 ግራም ገደማ። ይኸው ነው! የገበታ ጨው ሲሟሟ ክሪስታሉን ለመበተን የሚወጣው ጉልበትና ውሃው ቅንጣቶቹን ሲከባቸው የሚገኘው ጉልበት ሊመጣጠኑ ምንም አልቀራቸውም። በዚህ የተነሳ ሙቀት ብዙ አያንቀሳቅሰውም። በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ደግሞ ጭራሽ በተቃራኒው ነው፤ ውሃው ሲፈላ ከውሃው ተለይቶ ይዘቅጣል።

ማማሰልና መፍጨትስ? እነሱ ፍጥነትን ነው የሚጨምሩት። ውሃው ከጠገበ በኋላ እስከ ማታ ብታማስሉት ከታች የቀረው ስኳር እዚያው ይቀራል። «ምን ያህል ይሟሟል?» እና «በምን ያህል ጊዜ ይሟሟል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ዐረፍተ ነገሯ ሁለቱን አደባልቃ ነው ያቀረበችልን።

ወደ አምቦ ውሃው እንምጣ። ክዳኑ ሲከፈት «ጭስስ» የሚለው በግፊት ታምቆ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያመልጥ ነው። ጋዝ ላይ ግፊት ሲጨምር በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው መጠንም ይጨምራል፤ ይህን በ1803 ያሳየው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ነው። ሙቀትስ? በተለመደው የባሕር ጠለል ግፊት አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 3.3 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው ግን ግማሹን ያህል ነው። ለዚህም ነው ሞቅ ያለ አምቦ ቶሎ የሚሞተው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ እዚህ ያለ ኩሬ በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ኩሬ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ለዓሣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ደብተራችን ግን ግፊትን ረስታዋለች።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ፈተናውን ካለፍን በቃ» የምትሉ አትጠፉም። እንግዲያው ወደ ሻዩ ስኳር እንመለስ። በአገራችን ዘመናዊ የስኳር ምርት በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው በወንጂ ነው። ወንጂ ግን በሌላም ነገር ትታወቃለች፤ በፍሎራይድ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለቶች ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጥ ነበር፤ ካልሲየም ፍሎራይድ በውሃ እምብዛም አይሟሟምና። የአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሰባቸው ናቸው። ስለዚህ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ውጤቱ የበለዘ ጥርስ ነው፤ ሲብስም የተጎዳ አጥንት።

አሁን ሙቀትን እዚህ አስገቡት። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ፍሎራይድን ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይጠናል። በአጥንት ከሰል ማጣራት፣ ወይም በአሉምና በኖራ ማዝቀጥ የተሞከረው ለዚህ ነው። «ሙቀት ሁሉን ይፈታል» ብሎ የሸመደደ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?

እናም ሂሳችን ይህ ነው፦ ዐረፍተ ነገሯ ለስኳር እውነት የሆነውን ለዓለም ሁሉ ሕግ አድርጋዋለች። በምትኩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ የመሟሟት አቅም የሚወሰነው በሟሚውና በአሟሚው ባሕርይ፣ በሙቀት፣ ለጋዝ በግፊት፣ እንዲሁም ቀድመው ውሃው ውስጥ ባሉ ሌሎች ነገሮች ነው። ማማሰልና መፍጨት ፍጥነትን ብቻ ይለውጣሉ።

ትንሽ ትረዝማለች፤ እውነት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ሻያችሁን ስታማስሉ መጀመሪያ «ምኑ፣ በምን ውስጥ?» ብላችሁ ጠይቁ።