የተሸፈነው ዐባይ፤ ስለ ሮማ የድንጋይ ምስልና ስለ ግሽ ምንጭ

ጽርዓውያን ወንዝን በሰው አምሳል ማሰብ ልማዳቸው ነበር። ሄሲዮድ ስለ አማልክት ትውልድ በጻፈው ድርሰት፣ ዐባይ የውቅያኖስና የቴቲስ ልጅ ነው። ቀራፅያንም ይህን ተረት ተከትለው ጋደም ያለ ጢማም ሽማግሌ አድርገው በድንጋይ ቀረጹት። ፓውሳንያስ እንደሚለው፣ የሌሎች ወንዞች ምስል በነጭ ድንጋይ ሲሠራ፣ ዐባይ ግን በኢትዮጵያውያን አገር አልፎ ስለሚወርድ ምስሉ በጥቍር ድንጋይ ይሠራ ነበር። በ1513 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) በሮማ የተገኘው፣ ዛሬ በቫቲካን ያለው ምስል ግን ነጣ ያለ እብነ በረድ ነው፤ በዙሪያው የሚጫወቱት 16 ሕፃናት የውሃውን ሙላት 16 ክንድ ያመለክታሉ።

ከሁሉ ይልቅ ምርመራ የሚገባው በፒያሳ ናቮና ያለው ነው። ቤርኒኒ ነድፎት በ1651 በተፈጸመው የአራቱ ወንዞች ምንጭ ላይ፣ ፋንቼሊ የቀረጸው ዐባይ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ይታያል፤ ትርጓሜውም «መነሻው አይታወቅም» ማለት ነው። የእጁ አነሣሥና የጨርቁ እጥፋት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሳለ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን በሰከላ ያለውን የግሽ ምንጭ ያየው በ1618፣ ማለት ከ33 ዓመት በፊት ነበር። የፓኤዝን ቃል ከ1652 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፍ ያወጣው ኪርሸርም፣ በዚያው ምንጭ ላይ ስለ ቆመው ሐውልት አማካሪ የነበረው ሰው ነው።

ቀራፂ የመልክዐ ምድር መምህር አይደለምና የጥንት ባለ ቅኔዎችን መከተሉ ብቻውን አያስነቅፈውም፤ ይህን እንቀበላለን። ዳሩ ግን በአደባባይ የቆመ ድንጋይ ያስተምራል። «አይታወቅም» ሲል፣ በማን ዘንድ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ውሃውን ለጠበል የሚጠቀመው የሰከላ ገበሬ ምንጩን ከፓኤዝ አልተማረም።

የአገሩም ትውፊት ዐባይን የሚያሳየው በሌላ ጠባይ ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወደ እስራት ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዐባይ ዐደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁት ሳይረጥቡ መለሰላቸው ይባላል። የግሽንም ስም ማግሣት ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል። በሮማ ያለው ዐባይ ፊቱን ይሰውራል፤ በግሽ ያለው የሰወረውን ይመልሳል። ሁለቱም ተረት ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ርቆ የቆመ ሰው፣ ሁለተኛው የጎረቤት ንግግር ነው። ስለዚህ የሮማውን ምስል የሚያጠና ተማሪ፣ ስለ ዐባይ ሳይሆን ስለ ተመልካቾቹ እንደሚናገር አድርጎ ቢያነበው ከስሕተት ይድናል እንላለን።