አቡጊዳ ለምን ቀረ?

በቅርቡ የተመደበች ወጣት መምህርት፣ «ጋሼ፣ ልጁ ሀሁን ካወቀ አይበቃውም? አቡጊዳ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። አይበቃውም። የካ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን 33 ተራ እንደ ዜማ ያወርደዋል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። እስቲ «ቶ»ን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። ከንፈሩን እዩት፦ ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት... «ቶ!» ይላል። ፊደሏን አላወቃትም፤ ቆጥሮ ደረሰባት። ቃል ሲያነብ እንዲህ እየቆጠረ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ሳድስ ላይ ደግሞ ይብሳል። የካዕብ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ወገብ ላይ ትውላለች፤ ሳድስ ግን ከፊደል ፊደል መልኩን ይለዋውጣል።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ያውቁ ነበርና አቡጊዳን አስከተሉ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቀጥሎ በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ። በእያንዳንዷ እርምጃ ፊደሉም ይለወጣል፣ ቤቱም ይለወጣል፤ የሀሁ ዜማ አያድንም። አቡጊዳም ቢሆን በቃል ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ አስነብባለሁ፤ ካርቶን በስቼ በቀዳዳው አንድ ፊደል ብቻ አሳያለሁ።

በሥዕል ይጀመር የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ሥዕል አልጠላም። ነገር ግን ቤት ተስሎ ሥሩ «ቤት» ሲጻፍ ልጁ የሚያነበው ሥዕሉን ነው። ሸፍኑትና ጠይቁት።

ግትርነቴ ከእናቴ የመጣ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እየወረደች ነው ያሳደገችን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጠረች። የካ ሚካኤል አጠገብ የሚኖሩ መርጌታ ጎረቤታችን ደግሞ፣ «አሁን ተራውን እናፍርሰው» ብለው አቡጊዳን አስጀመሯት። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ ሸክሟን እንደያዘች ጮክ ብላ ታነበው ነበር። አብሬያት ስሄድ አፍር ነበር፤ ዛሬ ያ ድምፅ ይናፍቀኛል።

አጎቴ ወታደር ነበር። ከግንባር ደብዳቤ በላከ ቁጥር አንባቢ ጎረቤት ይጠራል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ሐዘኑም ዕዳውም በሰው አፍ ይወጣል። አንድ ቀን ግን እናቴ ፖስታውን ራሷ ቀደደች፤ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች እስከ ፊርማው ድረስ በዝግታ አነበበች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ለእኔ ነው የተጻፈው» አለችና አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።