ያልተናገሩት ገጣሚዎች፦ የአንድ ልቦለድ ቅርጽና የሐያስያን አቀባበል

ቺሊያዊው ሮቤርቶ ቦላኞ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው «ሎስ ዴቴክቲቬስ ሳልቫሄስ» («የዱር መርማሪዎች» እንደ ማለት ነው) ስለ ገጣሚዎች የተጻፈ፣ ነገር ግን የሁለቱን ዋና ገጣሚዎች አንድ ስንኝ እንኳ የማያስነብብ ልቦለድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ብዙ ሐያስያን በቸልታ ባለፉት በዚሁ ዝምታ ላይ ነው።

ልቦለዱ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሁዋን ጋርሲያ ማዴሮ የዕለት ማስታወሻ ናቸው። አብዛኛውን ገጽ የያዘው መካከለኛው ክፍል ግን ከ1976 እስከ 1996 ድረስ ከሃምሳ በላይ ተራኪዎች የሰጡት ቃል ስብስብ ነው። አንዱ ያደንቃል፣ ሌላው ይረግማል፣ ሌላው ደግሞ ስለ ራሱ ሲያወራ ቆይቶ አርቱሮ ቤላኖንና ኡሊሴስ ሊማን በጨረፍታ ብቻ ያነሳቸዋል። ለሁለቱ ግን የመናገር ተራ አይደርሳቸውም። ጠያቂው ማን እንደ ሆነም አይነገረንም።

ይህን ክፍል ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዘው በ1976 መጀመሪያ የሆነ አንድ ሌሊት ነው። ሽማግሌው አማዴዎ ሳልቫቲዬራ ከሁለቱ ወጣቶች ጋር እየጠጣ፣ የተዘነጋችውን ገጣሚ የሴሳሬያ ቲናሄሮን ግጥም ያሳያቸዋል። ግጥሙ ቃል የለውም፤ ቀጥ ያለ፣ ሞገድማና የተሰባበረ መስመር ብቻ ነው። ሽማግሌው ከአርባ ዓመት በላይ ቢመለከተውም አልተገለጠለትም፤ ወጣቶቹ ግን ቁም ነገር የሸፈነ ቀልድ ነው ይሉታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የልቦለዱ አነባበብ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ሥራው ጠፍቷል፣ የቀሩት ምስክሮች ናቸው።

በስፓኝኛው ዓለም መጽሐፉ በ1998 የኤራልዴን፣ በ1999 የሮሙሎ ጋዬጎስን ሽልማት አገኘ። የናታሻ ዊመር እንግሊዝኛ ትርጉም የወጣው በ2007፣ ደራሲው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። ውዳሴው ሞቅ ያለ ነበር፤ ሆኖም ልቦለዱ ድምፅ የነፈገው ጀግና በደራሲው ሕይወት በኩል ተመልሶ ገባ። በአንደኛ መደብ የተጻፈ አጭር ትረካው እንደ ግለ ታሪክ ተወስዶ፣ ቦላኞ የሄሮይን ሱሰኛ ነበር እስከ መባል ተደረሰ። የሚያውቁት አስተባብለዋል።

ኤል ሳልቫዶራዊው ደራሲ ኦራሲዮ ካስቴያኖስ ሞያ በ2009፣ የሣራ ፖላክን ጥናት መነሻ አድርጎ፣ ይህን ገጽታ የአሜሪካ ገበያ የፈጠረው ተረት ነው ሲል ተቸ። ስለ ገበያው የተናገረው ትክክል ነው። ነገር ግን እርሱም ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ ሰውየው ምስል ሲሟገት፣ የትረካው አደረጃጀት ሳይነካ ቀረ።

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የበዓሉ ግርማን «ደራሲው» (1972 ዓ.ም.) ስናነሳ፣ ሲራክ ማለት ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ብለን ሂሱን የጨረስን ስንቶቻችን ነን?

በእርግጥ የሕይወት ታሪክ ዋጋ ቢስ አይደለም። ለሊማ አምሳያ የሆነው ገጣሚ ማሪዮ ሳንቲያጎ ፓፓስኪያሮ መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት መሞቱን የሚያውቅ አንባቢ፣ ሊማ ከጓደኞቹ የሚሰወርባቸውን ገጾች በሌላ ስሜት ያነባቸዋል። ቅርጹም እንከን የለሽ አይደለም፤ ከተራኪዎቹ ጥቂት የማይባሉት በአንድ አፍ የሚናገሩ ይመስላሉ፣ በተለይም ትረካው ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ። ሐያስያኑ ሊከራከሩበት የሚገባው ይህን ነበር።