የማን ድምፅ ነው? ካኦስ ፓድ፣ ዛር እና የጫጫታ ሙዚቃ

በሠራሁት ሙዚቃ ላይ እስከ ዛሬ ከተሰነዘሩት አስተያየቶች ሁሉ ከባዷ አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። ቦታው ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ጀፒ ነው፤ ሀበሻ ሱቁንና ምግብ ቤቱን ደራርቦ ከከፈተባቸው ፎቆች በአንዱ ውስጥ ያለ ቡና ቤት። የመንገዱ ስም በይፋ ራሂማ ሙሳ ከሆነ ቆይቷል፤ እኛ ግን አሁንም ጀፒ ነው የምንለው። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት «ሌሊቱን ሙሉ የምታስጮኸው ምንድን ነው?» ብለው ሲቀልዱብኝ ስልኬን አወጣሁና አራት ደቂቃ የሚሆን የጫጫታ ሥራዬን በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋቸው። ፊታቸው ሳይለወጥ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ይቺ የምታለቅሰው ማን ናት?» አሉኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ ከተማ የአንድ ወጣት አስከሬን ወደ አገር ቤት ሊሸኝ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት ዘመዱ ሙሾ ስታወርድ ስልኬ ይቀዳ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሦስት ሰከንድ ቆርጬ በካኦስ ፓድ አሳለፍኩት፤ ለጠጥኩት፣ ፈጨሁት፣ በራሱ ማሚቶ ውስጥ አሰመጥኩት። ሰው መሆኑ ፈጽሞ እንደጠፋ እርግጠኛ ነበርኩ። እትዬ ግን በአንድ ጊዜ ለዩት። እኔም አፍሬ «ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው» አልኳቸው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ውሸት ነው፤ ውሸቱን ቀላል ስላደረገው መሣሪያም ጭምር።

ካኦስ ፓድ የጃፓኑ ኮርግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው፣ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ያሻሻለው፣ በጣት የሚዳሰስ የድምፅ ኢፌክት መሣሪያ ነው። እኔ ያገለገለ የገዛሁት በ2006 የወጣውን ኬፒ3 የተባለውን ነው። ጥቂት የራሱ ድምፆች ቢኖሩትም ዋና ሥራው የሌላን ድምፅ ተቀብሎ መለወጥ ነው። መሀሉ ላይ ካለው አራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሄድ አንድ ነገር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ሌላ ነገር ይለወጣል። ለምሳሌ በማጣሪያው ፕሮግራም አንዱ አቅጣጫ የትኛው ቀጭን ወይም ወፍራም ድምፅ ይለፍ የሚለውን ሲወስን፣ ሌላው ያ ድምፅ ምን ያህል ይጩህ የሚለውን ይወስናል። ጣት ሲነሳ ለውጡ ይቆማል፤ «ሆልድ» የሚለው ቁልፍ ከተጫነ ግን ጣት ከተነሳም በኋላ ባለበት ይቀጥላል። እንዲህ ዓይነት 128 ፕሮግራሞች አሉት። ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያዞርባቸው አራት ቁልፎችም አሉት።

ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ያወቀው በሬዲዮሄድ ነው። ጆኒ ግሪንዉድ የቶም ዮርክን ድምፅ መድረክ ላይ እዚያው እየቀዳ እየቆራረጠ ወደ ዘፋኙ ሲመልስበት ያየ ሰው ዕቃው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጫጫታ ሙዚቀኞች ግን ከዚያ አለፉ። የመሣሪያውን መውጫ በሚክሰር በኩል መልሰው መግቢያው ላይ ሰኩት። ማይክራፎን ስፒከር ፊት ሲቆም የሚያፏጨውን ፉጨት ሁላችንም ከሠርግ ድንኳን እናውቀዋለን፤ ይህም ያው ነው፤ ልዩነቱ ፉጨቱ አሁን ጣት ሥር መሆኑ ነው። ማጣሪያው ቁመቱን ይመርጥለታል፤ ማሚቶው ምት ያደርገዋል። ጣት አንድ ሚሊሜትር ከተንሸራተተ ሁሉም ይፈርሳል፤ ወደ ነበረበት ቢመለስ እንኳ ድምፁ ወደ ነበረበት አይመለስም። በዚህ አኳኋን ሲሠራበት ካኦስ ፓድ እውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹን ያስፈራል፣ ተጫዋቹም ያዳምጠዋል።

ድክመቱም ከዚያው ነው። ሰሌዳው ለስላሳ ነው፤ እንደ ክራር ጅማት ጣትን አይገታም፤ እንደ ዋሽንት ትንፋሽ አያስጨርስም። ፕሮግራሞቹም በፋብሪካ ያለቁ ናቸውና በአንዱ ከተማ የሚሠራው በሌላው ከተማ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚመጣው ወደ ውስጥ ከገባው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱ ቀለም እንዲኖረው ሲፈልግ መሣሪያውን ሳይሆን ምንጩን መፈለግ ይጀምራል፤ የገበያ ጥሪ፣ ቅዳሴ፣ ልቅሶ። እኔም የሆንኩት ይህንኑ ነው። ጀርመንና ጃፓን ያለው ባለሙያ የሌለውን ነገር ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም የሰው ሐዘን ነበር።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ከጀፒ በእግር በሚደረስበት ብራምፎንቴን ውስጥ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2005 ኡንያዚ የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫልና ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ኡንያዚ በዙሉ ቋንቋ መብረቅ ማለት ነው፤ የጆሃንስበርግን የበጋ ከሰዓት ለሚያውቅ ሰው ስሙ ተስማሚ ነው። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ተብሎ የተነገረለትን ይህን ፌስቲቫል ያዘጋጀው አቀናባሪው ዲሚትሪ ቩዱሪስ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል ፖሊን ኦሊቬሮስና ጆርጅ ሉዊስ ነበሩ። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስማቸው ሊያስቆመን የሚገባው ግን የ84 ዓመቱ ግብፃዊ፣ ሃሊም ኤል-ዳብ ናቸው።

ኤል-ዳብ በ1921 ካይሮ ተወለዱ። በ1944 ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተዋሱ፤ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በመግነጢስ የሚጽፍ ከባድ ሣጥን ነው። ይዘውት የሄዱትም ወደ ዛር ሥርዓት ነበር። ዛርን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ሥርዓቱም ቃሉም ወደ ግብፅ የወረደው ከኢትዮጵያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስም በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የባለ ዛሮችን ታሪክ ሲጽፍ ከርሟል። ኤል-ዳብ ሴቶቹ ሲያዜሙ ቀዱ፤ ከዚያ ጣቢያው ውስጥ ባለው የማሚቶ ክፍልና በተንቀሳቃሽ ግድግዳዎች እየታገዙ ድምፁን ደግመው ደጋግመው ቀዱት። የድምፁን ሥር፣ ማለትም ዋናውን ወፍራም ድምፅ፣ እየቀነሱ ከላዩ የሚንሳፈፈውን ቀጭን ንዝረት ብቻ አስቀሩ። ውጤቱ «የዛር ገለጻ» ተባለ፤ በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ ለአድማጭ ቀረበ። ዛሬ በሰፊው የሚሰማው ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆነው ቁራጩ ነው።

ስለዚህ ሥራ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሳው ቀዳሚነቱ ነው። ፒየር ሼፌር ፓሪስ ላይ የባቡር ድምፆችን ይዞ ከተነሳበት ከ1948 በፊት አንድ አፍሪካዊ ይህን ሠርቶ ነበር። ልክ ነው፤ ያኮራልም። ነገር ግን ቀዳሚነት ታሪክ ነው እንጂ ሂስ አይደለም። ሥራውን ለራሱ ብለን ስንሰማው ምን አለ?

እኔ የምሰማው ነፋስ የሚመስል የተጎተተ ድምፅ ነው፤ ከበስተኋላው ሰዎች እንዳሉ ያስታውቃል፤ ግን ማንን እንደሚጠሩ፣ ምን እንደሚሉ አይለይም። ውበቱ አያከራክርም። በካኦስ ፓድ በአንድ ጣት የማደርገውን ኤል-ዳብ በግድግዳና በሽቦ፣ በብዙ ድካም አደረጉት፤ ድካሙም ይሰማል። እያንዳንዱ ንብርብር ውሳኔ አለው። የእኔ አራት ደቂቃ ከዚያ ጎን ሲቀመጥ ስስ ነው፤ ምክንያቱም ከ128ቱ አንዱን መርጬ ጣቴን ከማንሸራተት በቀር የከፈልኩት ዋጋ የለም።

ይሁን እንጂ ውበቱ የተገኘው ሴቶቹን በማጥፋት ነው። ባለ ዛር ዛሯን በስሙ ትጠራዋለች፤ በስሙ ካልተጠራ አይመጣም፣ አይለማመንም። ሥርዓቱ ከጥሪና ከስም የተሠራ ነው። ኤል-ዳብ የቀነሱት ሥር ስሙ ያለበትን ድምፅ ነው። የቀረው ማሚቶ ወደ ዓለም ወጣ፤ የአቀናባሪው ስም ተለጥፎበት። የዜማው ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ የሥራው ርዕስ አይነግረንም። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም፤ የ23 ዓመት ወጣት ማንም ያልረገጠው መንገድ ላይ ሆኖ የሠራውን ዛሬ ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው። የምለው ጫጫታ ሙዚቃ ሲወለድ ዕዳ ይዞ መወለዱን ነው።

ኤል-ዳብ ራሳቸው ከዚያ በኋላ የሄዱበት መንገድ ለዚህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል። በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። በኋላ ተስፋዬ ለማ የመሩት፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውን፣ መለከቱን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ያ ኦርኬስትራ የእሳቸው ሐሳብ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች በልማድ እንዲያ ተሰብስበው አይጫወቱም ነበርና ሙከራው በራሱ መንገድ ከሽቦው ሥራ ያላነሰ ድፍረት ነበረው። አንድ ልዩነት ግን አለ። በካይሮው ሥራ ባለ ድምፆቹ ከበስተኋላ ቀሩ፤ በአዲስ አበባው ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሰው ፊት ተቀመጡ።

በዚያ መድረክ ላይ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ለጫጫታ ሙዚቃ ዋነኛው አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ በገና። አሥሩ ጅማቶች በብርኩማው ላይ ሲያልፉ ከሥራቸው ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዝራ ይባላል። ያ ቆዳ ባይኖር በገና የጠራ፣ ለስላሳ ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ቆዳው ነው ያንን ደረት የሚነዝር እርጋፍ የሚያመጣው። በገና ደርዳሪው ቆዳውን በጣቱ ወዲህ ወዲያ እየገፋ፣ ጅማቱ «የሚናገርበትን» ቦታ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይፈልጋል። አባቶቻችን ንጹሑን ድምፅ ሆን ብለው ያሻከሩት ጸሎት እንዲሸከም ነው። ጫጫታ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ የዐቢይ ጾምን ሬዲዮ ይክፈት። ግን ልብ በሉ፤ እርጋፉ የደርዳሪውን ቃል አይሸፍንም። ዝግ ብሎ የሚወጣውን የሰው ድምፅ ከሥር ሆኖ ይይዘዋል።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ድምፅ አንዴ ከተቀዳ በኋላ ቁስ ነው፤ ከየት መጣ ሳይባል ለራሱ መሰማት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከሼፌር ጀምሮ ጠንካራ ጠበቆች አሉት። ለበር ሲጢጥታና ለባቡር ጎማ እስማማለሁ። ሙሾ ግን ቁስ አይደለም፤ ለአንድ ሰው የተባለ ነገር ነው። ከዚህም በላይ ቁስ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሥራው በራሱ ላይ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። የእኔ አራት ደቂቃ የሚነካ ነገር ካለው የነካው የዚያች ሴት ልቅሶ ነው፤ እትዬም የሰሙት እሱን ነው። የልቅሶውን ኃይል ወስዶ አልቃሿን መካድ ሙዚቃውን ራሱ ሐሰተኛ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከብዙ ማመንታት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። መጀመሪያ ሦስቱን ሰከንድ እንዳለ፣ ቀጥሎ በፓዱ ካለፈ በኋላ አሰማኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ያምራል» አለች በመጨረሻ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ያንን እኮ ለሱ ነው ያልኩት» አለችኝ። አልተቆጣችም። ቡናም አፍልታ አጠጣችኝ።

ቅጂውን አጠፋሁት። ከሥራው ውስጥ እሷ ስትወጣ የቀረው የመሣሪያው የራሱ ፉጨት ነበር፤ መውጫው ወደ መግቢያው ተሰክቶ፣ በእኔ ጣት ግፊት ብቻ የሚያዝን ድምፅ። ከዚያው እንደገና ጀምሬያለሁ። ልክ እንደ እንዝራው፣ የሚናገርበትን ቦታ እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን ጥሩ ሆኗል ማለት አልችልም። ለእትዬም ከኢንተርኔት አለማግኘቴን ነግሬያቸዋለሁ። አዲሱ ሲያልቅ አሰማቸዋለሁ፤ «ማን ነው?» ብለው ከጠየቁኝ የምመልሰው አለኝ።