ከኩርሙክ የተጻፈው ደብዳቤ

የአጎቴ ልጅ የማስተርስ ጥናቷን ልታስገባ ሦስት ቀን ሲቀራት ደወለችልኝ። «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ ዋቢዎቼን አስተካክልልኝ» አለች። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ዞቴሮ ላይ አንድ በአንድ ማስገባት ጀመርኩ፣ አርባ ምናምነኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ጥናቷ በ1980ዎቹ ጋዜጦች የድንበር ከተሞችን የውኃ ችግር ይዘግቡ እንደነበር ይናገራል። ማስረጃው በቅንፍ የተቀመጠ አንድ የጋዜጣ ስምና ዓመተ ምሕረት ነው። በስልኳ ያነሳችውን ገጽ ከፍቼ ሳየው ግን የአንባቢ ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት። ስድስት መስመር ነው። ውኃ የለም፣ አመለከትን፣ መልስ አጣን ይልና ከሥሩ «አንድ ነዋሪ፣ ከኩርሙክ» ብሎ ይፈርማል።

ሁለታችንም ያደግነው ኩርሙክ ነው። ስለዚህ ነገሩ የነጥብና የሰረዝ ጉዳይ መስሎ አልታየኝም። ያ ገጽ ጋዜጣው ለመዘገቡ ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም የሚያሳየው የሚሰማው ያጣ ሰው ራሱ ብዕር ማንሳቱን ነው። የሰውየውን ልፋት ወስደን ለጋዜጣው ሸለምነው ማለት ነው።

ይሄ የእሷ ብቻ ጥፋት አይደለም። «አዲስ ዘመን፣ ይህን ያህል ዓ.ም.» የሚል ዋቢ ስታዩ ዜና ይሁን፣ ርዕሰ አንቀጽ ይሁን፣ የአንባቢ ብሶት ይሁን በምን ታውቃላችሁ? ጳውሎስ ኞኞ እዚያው አዲስ ዘመን ላይ ያዘጋጀው የነበረውን «አንድ ጥያቄ አለኝ» አስቡት። አንባቢ ይጠይቃል፣ ጳውሎስ አጠር አድርጎ፣ አንዳንዴም ሸንቆጥ አድርጎ ይመልሳል። ዛሬ የምናስታውሰው መልሱን ነው፤ ስለሚያስቅ። ስለዘመኑ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ዋናው ሀብት ጥያቄው ነው፤ ሰው ምን ያስጨንቀው እንደነበር ያለው እሱ ውስጥ ነው። ዋቢው ላይ «ጳውሎስ ኞኞ» ብቻ ከተጻፈ ጠያቂው ጠፋ። የሚገርመው፣ የአጤ ምኒልክን ደብዳቤዎች የሰበሰበውም ይኸው ጳውሎስ ነው። የንጉሥ ደብዳቤ ስንጠቅስ ለማን፣ ከየት፣ መቼ እያልን እንጠነቀቃለን። ለአንድ ነዋሪ ሲሆን ይሰለቸናል።

ስህተቱ ጉዳት ማድረሱ ደግሞ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ለአዘጋጁ የተጻፈች የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ወጣች። ሆስፒታል ተኝተው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ከተሰጣቸው ሕሙማን መካከል ሱስ የያዛቸው እጅግ ጥቂት ናቸው ትላለች። በ2017 ሲቆጠር 608 ጊዜ ተጠቅሳለች። አብዛኞቹ ጠቃሾች ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገዋታል፤ ከአምስቱ አራቱ ገደማ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን እንኳ አላነሱም። የሕክምና መጽሔትና የኛ ጋዜጣ አንድ አይደሉም፣ እሺ። ግን ዋቢ ውስጥ ገብታ ደብዳቤነቷ ተረሳ፤ የኛም እንዲሁ።

ለአጎቴ ልጅ ይሄን ስነግራት ያልጠበቅኩትን መለሰች። «ደብዳቤ መሆኑን አውቄያለሁ። ደብዳቤ ካልኩ ግን የተራ ሰው ወሬ ይሉብኛል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ደብዳቤው ብቻውን ውኃ እንዳልነበረ አያረጋግጥም፤ ለዚያ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። አዘጋጁም ከስንት ደብዳቤ መርጦ፣ ምናልባትም ቆርጦ ነው ያወጣው። ነዋሪዎች አቤቱታቸውን አደባባይ ያወጡ ነበር ለማለት ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ወደ ሶፍትዌሩ ተመለስን። ዞቴሮ «ደብዳቤ» የሚል ምድብ አለው፤ እሱ ግን ሰው ለሰው ለሚጻጻፈው ነው። «የጋዜጣ ጽሑፍ» የሚለውን ስንመርጥ ቦታ ይጠይቃል፣ የሚጠይቀው ግን ጋዜጣው የታተመበትን ነው። አዲስ አበባ! ኩርሙክ የሚገባበት ሳጥን የለም። እኔ ዳታቤዝ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሳጥን ያልተሠራለት ነገር ውሎ አድሮ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። በዚያ ላይ ኩርሙክ ሁለት ነው፣ አንዱ እኛ ጋ፣ አንዱ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን። በንጉሡ ጊዜ ቢጻፍ ኖሮ ደግሞ አሶሳ ራሷ ወለጋ ሥር ስለነበረች «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

በመጨረሻ ጸሐፊው ቦታ ላይ «አንድ ነዋሪ» አልን፤ ከርዕሱ ቀጥሎ በቅንፍ «ለአዘጋጁ የተላከ ደብዳቤ፣ ከኩርሙክ፣ ኢትዮጵያ» ብለን ጨመርን። ዓ.ም.ቱን ወደ ፈረንጅ ሳንቀይር ተውነው። ጥናቱ ውስጥ ያለውንም ዓረፍተ ነገር እሷው ቀየረችው፦ ነዋሪዎች ስለ ውኃ ለጋዜጣ ይጽፉ ነበር።

ማታ ለአጎቴ ደውለን ደብዳቤውን አነበብንለት። ዝም ብሎ ሰማና «ይሄ የአስተማሪ አጻጻፍ ነው» አለ። ሦስት ስም ጠራ። ሁለቱ አርፈዋል። የሦስተኛውን ስልክ እያፈላለግን ነው።